በጆንያ የተሸጠችው ከተማ

ማናልሞሽ ከገበያ ተመልሳ የእቃ ቤቱን በር ስትከፍት አምስቱ የቡና ጆንያዎች የሉም። በእርጥበት በጠቆረው ወለል ላይ፣ ቆመውበት የነበረው ቦታ ብቻ አምስት ደረቅ ክብ ሆኖ ቀርቷል። መጀመሪያ ሌባ ገባ ብላ ደነገጠች። ቀጥላ ግን ቁልፉ የወትሮ ቦታው መሆኑን፣ በሩም በሥርዓት መዘጋቱን አስተዋለችና፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ ባየ መጥቶ የገዛ ንብረቱን እንደወሰደ ገባት። ቡናው የእሱ ነው። ሸኮ በኩል ካለው መሬቱ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ዋጋ እስኪጨምር ድረስ ወንድሙ ቤት አስቀምጦት ከርሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "እሰይ፣ እቃ ቤቴ ተለቀቀልኝ" ብላ በመጥረጊያ ትገባበት ነበር። ዛሬ ግን ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ከአምስቱ ጆንያዎች በአንደኛው ውስጥ፣ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ የባሏን ሃርድ ዲስክ የቀበረችው እሷው ራሷ ነበረች።

ይህን የሰማ "ምን ነክቷት ነው?" ሊል ይችላል። እንዲህ የሚለው ሚዛን ተፈሪን የማያውቅ ሰው ነው። ሚዛን ውስጥ ሁለት ሳምንት ያልተጫሙት ጫማ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፤ ሳጥን ውስጥ የከረመ የክት ልብስ ሲወጣ ዝናብ ዝናብ ይሸታል፤ ጨው እንኳ ክዳኑ ሥር ሆኖ ያለቅሳል። ባሏ ሸዋንግዛው በፎቶ አንሺነት ሲኖር ሃያ ዓመት ሙሉ ከማንም አብልጦ የፈራው እርጥበትን ነው። ስለዚህ ሌንሶቹንና ዲስኩን ራሱ በሠራው የእንጨት ሳጥን ያስቀምጣል። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ አምፖል ሌት ተቀን ትበራለች፤ ሙቀቷ ሻጋታውን ያባርራል። ዓርብ ዕለት፣ ጌጫ ከተማ ሠርግ ሊያነሳ ሲነሳ፣ ሳጥኑን በመዳፉ ቢነካው ቀዝቅዟል፤ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። "ይቺን እርጥበት እንዳያገኛት" ብሎ ዲስኩን እጇ ላይ አስቀመጠና ሄደ። በምን እንደምትከላከልለት አልነገራትም። ማናልሞሽ ዲስኩን ቀኑን በጉያዋ ይዛው ዋለች፣ ማታ ትራሷ ሥር አደረገችው፤ ጠዋት ስትነካው ትራሱ ራሱ ረጥቧል። ያኔ የጎረቤቷ ስልክ ባልዲ ውስጥ ወድቆ፣ ጤፍ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀብሮ እንደዳነ ትዝ አላት። ጤፉ ግን አልቋል። በቤቱ ውስጥ ያን ሁሉ እርጥበት ተቋቁሞ፣ ሲነኩት ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር ቢኖር ከነገለባው የደረቀው የጋሼ ባየ ጀንፈል ቡና ብቻ ነበር። ዲስኩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላዩ ፌስታል አስራ፣ ከጆንያው መሃል ከተተችውና በብልሃቷ እየተደሰተች ወጣች።

ዲስኩ ከዳዊት መጽሐፍ ያነሰ ጥቁር ነገር ነው። ሸዋንግዛው ፊልም ትቶ ወደ ዲጂታል ከተሻገረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ያከማች ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሞላ። ቀጥሎ ሲዲ ላይ አደረጋቸው፤ ሲዲዎቹን በአንድ ክረምት ሻጋታ በላቸው። ከሞት የተረፉትን አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ጅማ ድረስ ሄዶ፣ በሁለት በግ ዋጋ ይህን ዲስክ ገዛና ሁሉንም እዚያ ላይ ገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ያነሳውም የሚገባው እዚያው ነው፤ የመታወቂያው፣ የማትሪኩ፣ የፓስፖርቱ፣ የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ የምረቃው። በሚዛን ሰው ሲሞት ከድንኳን ተካዩ ቀጥሎ የሚጠራው ሸዋንግዛው ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚቆመው ትልቁ ፎቶ፣ ከአንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ተስቦ የሚወጣው በእሱ እጅ ነው። አንድ ቀን ለማናልሞሽ ቁጥሩን አሳያት፤ ሰባ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት። የከተማው ሕዝብ ይህን ያህል ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀችው። አይሆንም አላት። "ታዲያ የቀሩት እነማን ናቸው?" ብትለው ሸዋንግዛው ሳቀ። "እነሱው ናቸው" አላት፤ "ሲያድጉ፣ ሲያገቡ፣ ሲያረጁ።" ማናልሞሽ ዲስኩን መዳፏ ላይ አድርጋ ክብደቱን ለካችው፤ ባዶ ሳለስ ይቀል ነበር ወይ አለችው። ባዶ ሳለም ይኸው ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ አንዲት ግራም አለመጨመሩ አስደነቃትና አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቧራውን ስታራግፍለት ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ሌላ ዲስክ ገዝቶ ሁለተኛ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ያልነገረው ሰው የለም። ኮምፒውተር ጠጋኙ ነግሮታል። እሷም "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" ብላ ደጋግማ ነዝንዛዋለች። ሸዋንግዛው ግን በዚህ ነገር ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ እሱ ያነሳትን ሙሽራ ፎቶ፣ ቴፒ መናኸሪያ ውስጥ በማያውቀው ጎረምሳ ስልክ ላይ አይቶ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላለት ብሎ ነበር። "የሰው ፊት ነው" ይላል፤ "እንደ ዘፈን በየፍላሹ አይዞርም።" ስለዚህ ከተማው በሙሉ ያለው በአንዲት ጥቁር ዲስክ ነው፤ ያቺም ዲስክ ይኸው በኪሎ ተሸጠች። ዛሬ ሰኞ ነው። ማታ ሸዋንግዛው ካሜራውን ሞልቶ ይገባል፤ እንደ ልማዱም ጫማውን ሳያወልቅ "እስቲ ዲስኳን" ይላል።

ስልኳ ላይ በቀረችው ትንሽ ባትሪ ጋሼ ባየ ጋ ደወለች። እሱ ማለዳ ዋጋ ጨምሯል መባሉን ሰምቶ፣ በባጃጅ አመላልሶ፣ ሐጂ አባመጫ መፈልፈያ ቤት አስረክቦ፣ አሁን ምሳ እየበላ ነው። የሆነውን ስትነግረው መጀመሪያ ፎቶ ብሎ ነገር በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንጂ፣ በማይታይ ነገር ውስጥ ሰባ ሺህ አለኝ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው ብሎ ቀለደባት። መጨረሻ ላይ ግን ድምፁ ከረር አለና፣ በእሱ ቡና ውስጥ ማን እጇን እንድታስገባ እንደፈቀደላት ጠየቃት። ላለፉት ስድስት ወራት ጆንያዎቹን ስትዞራቸው፣ አይጥ ስታባርርላቸው፣ ጣሪያው ሲያፈስ ላስቲክ ስታለብሳቸው የኖረችው እሷ መሆኗን ልትናገር አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ስልኩ ጠፋ።

እስከ መፈልፈያ ቤቱ ያለውን መንገድ በካፊያ ሄደችው። በየደጁ የሚወራው ስለ መብራት ነው። ስጋ ቤቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሊበላሽበት ነው፤ ጸጉር አስተካካዩ ግማሽ ራስ ተላጭቶ የቀረ ደንበኛውን ከሐሙስ ጀምሮ እንዳላየው እያወራ ያስቃል፤ አንዲት እናት ወፍጮ ቤት ደጅ ከእነ እህሏ ቁጭ ብላ "ምነው ማርያም፣ ዛሬ እንኳ" ትላለች። በዚያች ከተማ በዚያች ሰዓት መብራት እንዳይመጣ የምትለምን ማናልሞሽ ብቻ ነበረች። የመፈልፈያ ማሽን ጀንፈሉን ከገለባው የሚፈለፍለው በብረት ጥርስ ነው፤ ከአፉ የገባ ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ጎረቤቶቿን ሁሉ በጨለማ አስቀምጣ ለራሷ መለመኗ አሳፍሯታል፤ ግን ለመነች።

ሐጂ አባመጫ ከመጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥተው ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ነበር። ከጅማ መጥተው ሚዛን ላይ ቡና ሲነግዱ ያረጁ፣ ቁመተ ረጅም፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ማናልሞሽ ነገሩን ስታስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና በእጃቸው ወደ ውስጥ አመለከቷት። ወደ ውስጥ ስትመለከት እግሯ ቆመ። የጋሼ ባየ ቡና በጆንያ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ከሠላሳ ገበሬ ቡና ጋር ወለሉ ላይ ፈስሶ፣ በበሩ ብርሃን እስከሚታየው ድረስ ጥቁር ቡናማ ተራራ ሆኗል፤ ጫፉ ጨለማው ውስጥ ጣሪያውን ሊነካ ደርሷል። ተራራው በራሱ ጊዜ ከላይ ትንሽ ናድ፣ ኮሽሽ ይልና ጸጥ ይላል። ማናልሞሽ ከፍርሃቷ ይልቅ ግርምቷ በለጠ። ሰባ ሁለት ሺህ ሰው እዚህ ውስጥ አለ፤ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው፣ ሟቾቹ፣ ክርስትና የተነሱት ሕፃናት፣ እሷ ራሷ በሃያ ስምንት ዓመቷ። እላያቸው ላይ ቡና ተከምሮባቸው አንዳቸውም ድምፅ አያሰሙም።

"ልጄ" አሏት ሐጂ፣ "መብራት እስኪመጣ ፈልጊ፤ ማንም አይከለክልሽም። ከመጣ ግን ማሽኑ ይሠራል። አምስት ቀን ቁጭ ብያለሁ፤ መብራቱም እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል።"

እውነታቸውን ነው። ማናልሞሽ ነጠላዋን አደግድጋ ክምሩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባችና በሁለት እጇ መማስ ጀመረች። አንድ ክንድ ስትቆፍር ሁለት ክንድ ከላይ ይናድባታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ተረት በእሷ ላይ የተተረተ መሰላት፤ እሷም አፍሳለች፣ ግን መልቀሙ አልሆነላትም። እንደዚያ ላቧ እስኪንቆረቆር ታገለች። ከመጋዘኑ ወዲያኛው ጥግ፣ መብራት ሳይጠፋ የተፈለፈለ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩዋታል፤ ለሐጂ የነገረቻቸውን ሰምተዋል። ዘጠኝ ናቸው። ድንጋዩን ከቡናው፣ ጥቁሩን ፍሬ ከጤናማው ሲለዩ ይውላሉ፤ ማታ በኪሎ ይከፈላቸዋል፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት ቀና አይሉም። ከመካከላቸው አንዷ፣ ፊቷን የቡና አቧራ ያለበሳት ቀጭን ሴት፣ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች። ንጋቷ ትባላለች።

"እትዬ፣ የድሮ ፎቶም አለበት?"

"የመቼ?"

"የዘጠና ዘጠኝ።"

ማናልሞሽ አለበት አለቻት። ንጋቷ ቀረብ አለችና፣ ተነስቶ ሳይወሰድ የቀረ ፎቶስ ይጣላል ወይ ብላ ጠየቀች። ማናልሞሽ ባሏ የሰው ፊት እንደማይጥል፣ ባለቤቱ ያልመጣለትን ሁሉ "ያልተወሰደ" ብሎ ለብቻው እንደሚያስቀምጥ ነገረቻት። ንጋቷ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አስራ፣ ሰፌዷን አንስታ ወደ ክምሩ መጣች፤ ግን እንደ ማናልሞሽ መሃሉን አልማሰችም። ከጥግ ጀመረች። ሰፌዷን ሞልታ፣ በእጇ አንዴ ዳብሳ፣ ወደ ኋላ አፈሰሰችው።

ያኔ ሌሎቹም ተነሱ። ማንም አላዘዛቸውም። በተርታ ተሰልፈው ክምሩን ከጥጉ እየቆረሱ፣ ሰፌድ ሰፌድ እያደረጉ ወደ ኋላ ማሳለፍ ጀመሩ። ማናልሞሽ እጃቸውን ስታይ ሥራዋን ረሳች። ዓይናቸው ቡናው ላይ አይደለም። አንዷ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች፣ ጣቶቿ ከጀንፈሉ መሃል የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠጠር አውጥተው ይጥላሉ። ሃያ ዓመት ቡና ያልሆነውን ከቡናው ሲለቅም የኖረ እጅ ማየት አያስፈልገውም። እየሠሩም እዚያ ተራራ ውስጥ ያላቸውን ሰው ያወሩ ነበር። አንዷ፣ ባሏ ኑሮውን ወደ ማጂ ሳያደርግ በፊት አብረው የተነሱት ፎቶ አላት። ሌላዋ፣ ልጇ በማትሪክ ጊዜ የተነሳው አላት፤ ልጁ ዛሬ አስተማሪ ነው። አሮጊቷ ማሚት በዕድሜዋ ፎቶ የተነሳችው አንዴ፣ ለቀበሌ መታወቂያ ነው፤ መታወቂያው ጠፍቶባታል፤ ስለዚህ ፊቷ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በቀልድ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እጇ ግን ፈጠነ።

ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት መጣ። መጀመሪያ ከውጭ የሕፃናት ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የመጋዘኑ አምፖል ቦግ አለና ክምሩ እስከ ጫፉ ታየ። ገና እኩሌታውም አልተነካም። የማሽኑ ሠራተኛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ማብሪያው ሄደ። ውሉ ለማናልሞሽም ውል ነው፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። ሴቶቹም ማፈሳቸውን አላቆሙም። ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተው እነዚያን ዘጠኝ ጎንበስ ያሉ ጀርባዎች ቆመው አዩ።

"ለሐጅ ስሄድ የተነሳሁትም አለበት?" አሉ።

"አለ፣ ሐጂ።"

"ያኔ ጥርሴ ሙሉ ነበር" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ቀጥለውም ወደ ሠራተኛው ዞረው ማሽኑ እንዲቆይ ነገሩት፤ ወንበራቸውንም ወደ ውስጥ አስገብተው፣ አምፖሉ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር።

ያገኘችው ማሚት ናት። አስር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰፌዷ ውስጥ እጇን አስገብታ ዳብሳ "ይሄ ቡና አይደለም" አለችና ፌስታሉን በአቧራ እንደተሸፈነ አወጣችው። ማናልሞሽ ጨርቁን ፈታችው። ዲስኩ ደረቅ ነው፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም፤ ሰው ከናዳ ሥር ወጣ ማለት ይተነፍሳል ማለት አይደለም፤ እሷ ደግሞ ኮምፒውተሩን ማብራት አትችልም። ሐጂ ሴቶቹን የዛሬ ክፍያቸው እንደማይቆረጥባቸው ነግረው አሰናበቱና፣ ማሽኑ ከኋላቸው ማጓራት ጀመረ። ማናልሞሽ ወደ ቤት ስታቀና ንጋቷ ተከተለቻት። ዞር ስትል ዘጠኙም አሉ።

ከቤታቸው ጋር የተያያዘው ፎቶ ቤት ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ ተወጥሯል፤ ሚስማሩ ላይ ለመታወቂያ ለሚነሱ የምትውለዋ አንዲት ኮትና አንዲት ከራቫት ተሰቅለዋል። ሴቶቹ ፏፏቴው ሥር፣ አግዳሚውም ወለሉም ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሸዋንግዛው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲገባ የእንግዳው ብዛት ለቅሶ መሰለውና ማን እንደሞተ ጠየቀ። ማናልሞሽ ቆማ፣ ቡና ውስጥ መቅበሯን፣ ወንድሙ ሳያውቅ መሸጡን፣ እነዚህ ሴቶች ማውጣታቸውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም፤ ፊቱ ግን አመድ ሆነ። ዲስኩን ተቀብሎ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ጋሼ ባየም ወሬው ደርሶት መጥቷል፤ አልገባም፣ በሩ ላይ ጃንጥላውን ይዞ ቆሟል። ወንድማማቾቹ ተያዩ። ዲስኩ ውስጥ አንድ ነገር ሲዞር፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ሲያሰማ ሰሙ። ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ አለች።

ከዚያ ስክሪኑ ሞላ። ፊት፣ ፊት፣ ፊት። ሸዋንግዛው በጣቱ ወደ ላይ ሲገፋቸው እንደ ባሮ ውሃ ይፈስሳሉ፤ ቢፈስሱ አያልቁም። ሴቶቹ መጀመሪያ ስም እየጠሩ ተሳሳቁ፤ ማሚት ፊቷ ሲመጣ ሻሿን አስተካከለች። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ጠፋ። የሞቱትም ያሉትም፣ ተጣልተው የማይነጋገሩትም፣ ሀብታሙም ጫማ ጠራጊውም በአንድ ልክ፣ በአንድ ዓይነት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ሆነው፣ ሁሉም ወደ እነሱ እያዩ ያልፋሉ። ማናልሞሽ እንዲህ ያለ ዝምታ የምታውቀው ቅዳሴ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ፈርታለች ማለትም፣ ደስ ብሏታል ማለትም አይበቃም፤ ልቧ ካለችበት ክፍል ሰፍቶባት ነበር። ጋሼ ባየ በሩ ላይ እንደቆመ ባርኔጣውን አወለቀ።

ማናልሞሽ፣ ንጋቷ የጠየቀቻትን ለባሏ ነገረችው። ሸዋንግዛው "ያልተወሰደ" የሚለውን ከፍቶ ወሩን ጠየቃት። ጥቅምት ዘጠና ዘጠኝ ነበር፤ ሴት ልጇ፣ የስድስት ዓመት፣ ቀይ ሹራብ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ የተነሳች። ፎቶው ሐሙስ ይደርሳል ተብሎ ነበር። ወባ በሦስት ቀን ጨረሳት፤ ሐሙስ የቀብሯ ቀን ሆነ። ንጋቷ ይህን ስትናገር ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ቀጥ ያለ ነበር። ሸዋንግዛው ብዙ ፈለገ። ከዚያ እጁ ቆመ። ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሳቋን ለማመቅ ከንፈሯን የነከሰች ልጅ ስክሪኑን ሞልታ አየቻቸው።

ንጋቷ አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ሳትነካው መለሰችው።

"እስከ ዛሬ እዚህ ነበረች?"

"እዚሁ ነበረች" አላት ሸዋንግዛው።

"በየቀኑ በዚህ በር አልፍ የለም እንዴ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል። ሸዋንግዛው አሁኑኑ እንደሚያወጣላት፣ በትልቁ እንደሚያደርጋት ነገራት።

"ሁለት አውጣልኝ" አለች ንጋቷ። "አንዷ እኔ ጋ ትሁን፣ አንዷ እናንተ ጋ። የኔ ቤት ያፈሳል።"

ሸዋንግዛው ወደ ጥቁሩ ዲስክ አየ። ስንቱ ሰው ስንት ዓመት ነግሮት ያልሰማውን ነገር፣ አንዲት የቡና ለቃሚ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችበት። ፊትን ማባዛትና ፊትን በየሜዳው ማዞር ለካ አንድ አይደሉም። ለሚስቱ ሐሙስ ጅማ እንደሚሄድ ብቻ ነገራትና ፕሪንተሩን አበራ። ልጅቱ ከግንባሯ ጀምራ፣ መስመር በመስመር፣ ቀስ ብላ ወጣች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ማናልሞሽ ጎን ለጎን ስታያቸው፣ ሁለተኛዋ ስለወጣች የመጀመሪያዋ አንዳች አልጎደለባትም፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ ሁለቱም ሳቃቸውን አምቀዋል። ንጋቷ አንዷን ጡቷ መሃል አደረገቻት። ሌላዋን፣ እንደ ሕፃን፣ በሁለት እጇ ለማናልሞሽ ሰጠቻት። ማናልሞሽ በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ የት ብታስቀምጣት እንደሚሻል ግራ ገብቷት፣ ሁሉም እያያት ክፍሉ መሃል ብዙ ቆመች።